ደብረ ብርሃን ላይ ውሃው ይፈላል፣ ባቄላው ግን ለምን ይዘገያል?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የማመጣው ጥያቄ የፈተና አይደለም፣ የጓዳ ነው። አንድ ማዳበሪያ ባቄላ ገዛንና ግማሹን ሸዋ ሮቢት ላለችው እህቴ ላክሁላት። ባቄላው ያው ነው፣ ድስቱም አንድ ዓይነት። እሷ ከሰዓት ጥዳ ለእራት ንፍሮዋን ታቀርባለች። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን ከጠዋት ጥጄ፣ ውሃ እየጨመርኩ፣ ማታም ጥርስ ይፈትናል። ድስቱ አይፈላም እንዳትሉኝ፣ እየተንተከተከ ነው፣ ክዳኑ ይጨፍራል። እሳት ብጨምር ከሰሌ ያልቃል እንጂ ለውጥ የለውም። ነገሩ ከከፍታ ጋር እንደሚያያዝ ሰምቻለሁ፣ ግን በቁጥር ማወቅ እፈልጋለሁ። ውሃው እዚህ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው? መላውስ ምንድን ነው?

የኔታ ፊዚክስ፦
ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው ደስ የሚለኝ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ባሕር ወለል ላይ አየሩ ወደ 1013 ሚሊባር ይጫናል፣ ውሃውም በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 715 ሚሊባር ይወርዳል፣ ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃሽ የሚፈላው በ90 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች የእህትሽ ውሃ ወደ 96 ይጠጋል።

የእሳቱን ነገር ደግሞ በደንብ ያዢው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትቆልዪበት ሙቀቱ ንቅንቅ አይልም። የጨመርሽው ሙቀት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። ከሰልሽ ያለቀው ለዚህ ነው፣ ውሃ ለማትነን እንጂ ባቄላ ለማብሰል አልዋለም። አንዴ ከፈላልሽ እሳቱን ቀንሺው፣ ለስለስ ብሎ እየፈላ ይቆይ። ባቄላው የሚያየው ዲግሪ ያው 90 ተኩል ነው።

የሮቢት ሙቀት፦
እኛ ቤት 96 ከሆነ፣ እዚያ 90 ተኩል ከሆነ፣ በመሃል ያለው 5 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው እኮ። ይቺ ልዩነት ከሰዓት የተጣደውን ከጠዋቱ ጋር ታለያያለች? ለኔ ብዙ አልመሰለኝም። ሙቀት ነው ከተባለ እኛ ጋ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአንድ ቀን እናያለን።

የምንጃር ኬሚስት፦
ታለያያለች ወንድሜ። ባቄላ የሚለሰልሰው ሴሎቹን እርስ በርስ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር ቀስ በቀስ ሲሟሟ ነው። ይሄ ኬሚካላዊ ሂደት ነው፣ ኬሚካላዊ ሂደት ደግሞ ለሙቀት በጣም ስስ ነው። በግርድፉ 10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይያዛል፣ ለአንዳንድ ጥራጥሬ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ 5 ዲግሪ ተኩል ብቻዋን ሰዓቱን በአንድ ተኩል እጥፍ ልታስረዝመው ትችላለች።

ግን የጠባሴዋ፣ ጥፋቱን ሁሉ ከፍታው ላይ አትከምሪው። ውሃሽ ምን ዓይነት ነው? የጉድጓድ ውሃ ከሆነና ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ካልሲየም አለበት ማለት ነው። ካልሲየም ፔክቲኑን ያጠነክረዋል፣ ባቄላውም እንቢ ይላል። ባቄላው ራሱ የከረመ ከሆነም እንደዚያው ነው፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቤት የከረመ። ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ ጣጂው። ጫፍ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ብትጨምሪ ቶሎ ይፈርሳል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋዋል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ አልመክርም።

መንዜው፦
ከመሐል ሜዳ ነኝ። እኛ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ እና አያቴ ለዚህ ነገር መላ አላት። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ትጭናለች። ከወንዝ የመጣ ጥቁር ድንጋይ፣ አንድ ጎኑ ከጭስ ብዛት የሚያብለጨልጭ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀመጠ። ማንም አይነካውም። «እንፋሎቱን ይዞልኝ ነው» ትላለች። የኔታ፣ ይሄ በፊዚክስ ያስኬዳል? ከሰፈር ልጆች ጋር ተከራክረንበት መፍትሔ አልተገኘም።

የኔታ ፊዚክስ፦
ና እንቁጠረው። ድንጋዩ 5 ኪሎ ይሁን። የድስቱ አፍ 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የክዳኑ ስፋት 450 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 5 ኪሎ እዚያ ላይ ሲያርፍ የሚጨምረው ግፊት 11 ሚሊባር ገደማ ይሆናል። 11 ሚሊባር ደግሞ ውሃው የሚፈላበትን ዲግሪ ከፍ የሚያደርገው በግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እሱም ክዳኑ በዙሪያው ምንም የማያሾልክ ከሆነ ነው፣ የቤታችን ድስት ክዳን ደግሞ ያሾልካል።

ውሃውን ደብረ ብርሃን ላይ 100 ዲግሪ ማድረስ ቢያምረን 300 ሚሊባር ገደማ መጨመር አለብን። በዚሁ ክዳን ላይ ወደ 137 ኪሎ መጫን ማለት ነው። ሁለት ጎልማሳ ሰው ክዳኑ ላይ ይቀመጥ እንደማለት፣ እሱም ክዳኑ ዙሪያውን ከታሸገ።

የአያትህ ድንጋይ ግን በከንቱ አልተቀመጠም። ክዳኑ እንዳይነሳ ይይዘዋል፣ ውሃው ቶሎ አይተንም፣ ከላይ ያለው ባቄላም ከታች እንዳለው እኩል ሙቀት ያገኛል። በየጊዜው ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር የለም። አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ በጨመርክ ቁጥር ድስቱ እንደገና እስኪፈላ የሚሄደው ጊዜ ቀላል አይደለም። ማገዶም ይቆጥባል። አያትህ ድንጋዩን ያቆዩት፣ ሰላም በልልኝ።

መንዜው፦
እነግራታለሁ የኔታ። 137 ኪሎዋን ስትሰማ እኔንና አጎቴን ክዳኑ ላይ ልታስቀምጠን ነው።

ነጭ ጋውን፦
ነርስ ነኝ፣ በዚህ ወሬ ላይ ሁለት የጤና ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀልድ ያልሆነ ነገር አለበት።

አንደኛ የመጠጥ ውሃ። ውሃ አፍልታችሁ የምትጠጡ ሰዎች፣ ቆላ ላይ በደንብ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን 3 ደቂቃ እንዲፈላ ነው የሚመከረው። 90 ዲግሪም ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ይገድላል፣ ጊዜ ስጡት ብቻ። አረፋ እንዳየ ወዲያው የሚያወርድ ሰው አለ፣ ተዉ።

ሁለተኛ ቀይ ቦሎቄ። ባቄላ አላልኩም፣ ቦሎቄ ነው። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚያበጣብጥ፣ የሚያስታውክ መርዛማ ፕሮቲን አለ። እሱ የሚጠፋው በደንብ ተንተክትኮ ሲፈላ ነው። ለሰዓታት ለብ ብሎ መቀመጡ አይጠቅምም። እዚህ ከፍታ ላይ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ በኃይል አፍሉት፣ ከዚያ በኋላ እንደልባችሁ ቀስ ብሎ ይብሰል።

ደግሞ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ልናገር። ዕቃ የምናመክንበት ኦቶክሌቭም ይሄው ችግር አለበት። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ቆላ ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው የጌጅ ቁጥር ደብረ ብርሃን ላይ 116 ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እኛ የምናየው የሙቀቱን ቴርሞሜትር ነው፣ የግፊቱን ብቻ አምነን አናወጣም። አዲስ ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይሄንን ነው።

የጠባሴዋ፦
ነጭ ጋውን ተባረኪ፣ የቦሎቄውን አላውቅም ነበር። የግፊት ድስት ብገዛስ ታዲያ? ፕሬዠሩ ማለቴ ነው። እንደ ኦቶክሌቩ ይቀንሳል ማለት ነው?

የምንጃር ኬሚስት፦
ይቀንሳል፣ ግን ምን ገዶሽ። ቆላ ላይ 120 አካባቢ የሚደርሰው እዚህ 112 ወይ 116 ቢደርስ ነው። ከ90 ተኩል ጋር ስታወዳድሪው ሰማይና ምድር ነው። መመሪያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ትንሽ ጨምሪለት፣ በቃ። ባቄላ ሲሆን ከግማሽ በላይ አትሙዪው፣ ልጣጩ ተንሳፍፎ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

ግን አንድ ነገር ስታሰላስሉ ዋላችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ከመንዜው አያት ድንጋይ ወዲህ እሱው ነው የሚመላለስብኝ። በውሃ ስናበስል ጣሪያችን 90 ዲግሪ ነው። ምጣድ ላይ ስንቆላስ? ጣሪያ የለም! ደረቅ ምጣድ 150ም 200ም ይደርሳል፣ ከፍታው አያገባውም። አሁን የሰሜን ሸዋ ደጋን ምግብ እዩት። ቆሎ። በሶ። አሹቅ። ሁሉም መጀመሪያ ምጣድ ላይ ነው የሚያልፉት። በሶ ሲሉት ገብሱ ተቆልቶ የበሰለ ነው፣ ከዚያ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት ሁለተኛ አያይም። አሹቅም ባቄላው ይቆላል፣ ከዚያ ይዘፈዘፋል፣ ሙቀቱ ሠርቶት ስለሄደ ውሃው የሚቀረው ማለስለስ ብቻ ነው። ደጋው ለበሶ ያለው ፍቅር ገብስ ስለሚያበቅል ነው፣ ይሄ ግልጽ ነው። ግን ማገዶ ኩበት በሆነበት አገር፣ ውሃ በ90 ዲግሪ በሚፈላበት አገር፣ በአንድ ቁሌት ለሳምንት የሚሆን ምግብ ማብሰል ትልቅ ጥበብ ነው። እኔ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሶ ሳይ አሁን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

የኔታ ፊዚክስ፦
ይሄን ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነው። ስለ ግፊትና ሙቀት ሳስተምር ምሳሌው ሁሌ የሩቅ አገር ተራራ ነው። ለካ ምሳሌው በየልጁ ደብተር ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ ታስሮ አለ።

የሮቢት ሙቀት፦
ቡናስ? ደብረ ብርሃን ስመጣ ሻዩ አይጥመኝም፣ ቡናው ግን ይጥመኛል። ይሄም ከዲግሪው ነው?

የምንጃር ኬሚስት፦
ሊሆን ይችላል። ጥቁር ሻይ በጣም የፈላ ውሃ ነው የሚወደው፣ በ90 ዲግሪ ሲነከር ቀጠን ይላል፣ ስለዚህ አብራችሁ አፍሉት ወይም ረዘም አድርጋችሁ ያዙት። ቡና ግን ከ90 እስከ 96 ባለው መካከል ነው በደንብ የሚወጣው ይባላል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ጀበናው ሲፈላ ታችኛው ወሰን ላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይኛው ላይ። ሁለታችሁም ተርፋችኋል።

ይሄን ካነሳን ስለ አረቄውም ልበል፣ ደብረ ብርሃን ተነስቶ አረቄ ሳይነሳ አይቀርም። አልኮል ባሕር ወለል ላይ በ78 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እዚህ ግን በ70። ውሃውም አብሮ ስለወረደ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙም አልተለወጠም፣ ስለዚህ ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ የሚለየው እንደ ሌላው ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን የምትበልጠው በማቀዝቀዣው ነው። እንፋሎቱ የሚያልፍበት ቱቦ ዙሪያ ያለው ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደ ጠብታ ይመለሳል እንጂ በአየር ላይ አይባክንም።

የጣርማበር ሹፌር፦
እኔ ሳይንሱን አልተማርኩም፣ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ። አንድ ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ። የጣርማበር የመኪና መንገድ ዋሻ አፍ ላይ ቆመን ውሃ ጠጥቼ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ወንበር ሥር እወረውረዋለሁ። ደብረ ሲና ስንደርስ ቋ ቋ ይላል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨራምቶ አገኘዋለሁ፣ ማንም ሳይረግጠው። ስመለስ ደግሞ ከታች የተጫነ የቺፕስ ላስቲክ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ተሳፋሪውም ጆሮዬ ደፈነ ይላል። ይሄ የናንተ ግፊት ነው አይደል?

የኔታ ፊዚክስ፦
ራሱ ነው ወንድሜ፣ ደግሞ ጥሩ አድርገህ ነው ያየኸው። ዋሻውን 3,100 ሜትር ብለን ብንይዝ የአየሩ ግፊት ወደ 690 ሚሊባር ነው። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ 870 ይጠጋል። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው የጣርማበር አየር ነው፣ ውጭው ግን የሸዋ ሮቢት አየር። ውጭው ይገፋዋል። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ የውስጡ አየር አንድ አምስተኛውን ቦታ ያጣ ነበር። ከዋሻው ብርድ ወደ ሮቢት ሙቀት ስለሄደ ግን አየሩ መልሶ ይሰፋል፣ መጨራመቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማታ ሮቢት አድሮ ሲቀዘቅዝ እየው፣ ይበልጥ ተጣብቆ ታገኘዋለህ።

ጆሮም እንደዚያው ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው አየር የላይኛው አገር አየር ነው። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ማስቲካ ማኘክ መንገዱን ይከፍትለታል። ሕፃን ያዘለች እናት ካለች ቁልቁለቱ ላይ ጡት እንድታጠባው ንገራት፣ ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል።

የጣርማበር ሹፌር፦
እነግራለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ልቤ ነው የሚቆረጠው። አንድ ደግሞ ልጠይቅ። ጉሙ ለምንድን ነው ሁሌ እዚያው የሚጠብቀኝ? ከደብረ ብርሃን ስነሳ ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ዋሻው ጋ ስደርስ መብራት አብርቼ እንኳ ሦስት ሜትር አላይም። አንዳንዴ ከዋሻው ወዲህ ብራ ነው፣ ወዲያ ጭፍን።

የኔታ ፊዚክስ፦
ከአፋር በኩል ያለው አየር ወደ ገደሉ ይገፋና መውጣት ይጀምራል። ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የያዘውን እርጥበት መሸከም ሲያቅተው ውሃው ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይታያል። ከታች ለሚያየው ደመና ነው፣ ለአንተ ግን ጉም ነው፣ ውስጡ ስለገባህ። ከአናቱ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ሲዘረጋ መውጣቱ ያቆማል፣ ጉሙም ይበተናል።

እዚያ ቦታ ላይ ሌላም የሚደንቀኝ ነገር አለ። አናቱ የውሃ መለያያ ነው። ወደ ምዕራብ የወረደ ዝናብ እንደ በሬሳ ባሉት ወንዞች ወደ ጀማ ይሄዳል፣ ከጀማ ወደ ዓባይ፣ ከዓባይ ሜዲትራኒያን ባሕር። ወደ ምሥራቅ የወረደው ደግሞ በሮቢ በኩል አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከአንድ ደመና የወጡ ሁለት ጠብታዎች፣ በጥቂት ሜትር ተራርቀው ስለወደቁ ብቻ እንዲህ ይለያያሉ። ተማሪ ይዤ እዚያ ስቆም ይሄን ሳልነግራቸው አልመለስም።

የሮቢት ሙቀት፦
እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ላነሳ ነው። ኅዳር ላይ ዘመድ ጥየቃ መጥቼ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ የመኪናው መስታወት በረዶ ለብሷል፣ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ስልኬን ከፍቼ አየሩን ሳይ ግን 3 ዲግሪ ነው የሚለው። ውሃ የሚረጋው በ0 አይደለም እንዴ? ደግሞ ዛፍ ሥር የቆመው የጎረቤት መኪና ምንም የለበትም።

ገብስ አብቃይ፦
በግብርና ሙያ ላይ ስላለሁ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው። ስልክህ የሚነግርህ ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ያለውን የአየሩን ሙቀት ነው። መስታወቱ ግን አየር አይደለም። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋስም ሳይኖር፣ መስታወቱም ቆርቆሮውም የባቄላ ቅጠሉም ሙቀታቸውን በጨረር ወደ ሰማይ ይለቃሉ፣ ከሰማይ የሚመለስላቸው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛሉ። አየሩ 3 ሲሆን መስታወቱ ከ0 በታች ይሄዳል። ዛፍ ሥር ያለው መኪና ከላይ ያለው ቅጠል ነው፣ ሰማይ አይደለም፣ ቅጠሉ ሙቀቱን ይመልስለታል። ደመና ያለበት ሌሊት ውርጭ የማይኖረውም ለዚሁ ነው። የደጋው ከፍታም ይጨመርበታል፣ ከላያችን ያለው አየር ስስና ደረቅ ስለሆነ መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

ለገበሬው ይሄ የሆድ ጉዳይ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ባቄላው አበባና እሸት ላይ ሲሆን አንድ ጥርት ያለ ሌሊት በቂ ነው። ጠዋት ሄደህ ስታይ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ የተቀቀለ መስሎ ተዝለፍልፏል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ ሴሎቹን ስለሚቀድዳቸው ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ረባዳው ማሳ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጎድጓዳው ቦታም ይተኛል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ፣ ከሥሩ መቶ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ረባዳውን ለሣር ወይ ዘግይቶ ለሚዘራ ነገር ይተዉታል፣ ባቄላውን ወደ ተዳፋቱ ያወጡታል። አሁን መሬት ሲጠብ ግን ሁሉም ቦታ ይዘራል፣ እና ጉዳቱ ይበዛል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ባቄላ ስትዘሩ እባካችሁ የማሳችሁን አቀማመጥ እዩ።

መንዜው፦
ውርጭ ከተነሳ የኛ አገር ባና ሳይነሳ አይታለፍም። የመንዝ በግ ፀጉር ነው፣ ሲለብሱት ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር አላወዳድረውም። ጥቁሩ በርኖስ ደግሞ በዝናብ ጊዜ እንኳ ሰውነት አያስበርድም። ለምንድን ነው?

የምንጃር ኬሚስት፦
የሚያሞቅህ ሱፉ ሳይሆን በጠጉሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። የበግ ጠጉር ጥምዝምዝ ስለሆነ አየሩን አስሮ ይይዛል፣ ሲጫኑት እንኳ ተመልሶ ይነፋል። ሌላው ደግሞ ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ገደማ የሚሆን እርጥበት በውስጡ ይዞ ሲነኩት ርጥብ አይመስልም። እርጥበቱን ሲስብ ደግሞ ትንሽ ሙቀት ይለቃል። ጥጥ ሲረጥብ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ አየሩ ይወጣል፣ በቃ በረድክ። ጥቁር ቀለሙ ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይጠቅማል፣ ሌሊት ግን ጥቁርም ሆነ ነጭ ለውጥ የለውም።

መንዜው፦
ጓሳ ላይ ስንጠብቅ ከበርኖሱ ላይ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ እንደርብ ነበር፣ ዝናቡ ከላይ ይንሸራተታል። አሁን ወጣቱ ላስቲክ ነው የሚለብሰው። ጓሳን ላላያችሁ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጥብቅ ሥፍራችን ነው፣ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ። ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆ ያቆየው። እዚያ ላይ 3,600 ሜትር አካባቢ ሻይ አፍልተን እንጠጣለን፣ የኔታ እሱ ስንት ይሆናል?

ከዚያ በፊት ግን እኔም የማካፍላችሁ ነገር አለ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሃል ሲንጎራደድ ታያላችሁ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እረኛ ሆኜ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። በኋላ ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ቁጥር አወጡለት። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ገደማ ነው፣ ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን 67። ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣቸዋል ወይም ቀበሮውን ይጋርድለታል ይላሉ፣ የትኛው እንደሆነ ገና አልተቆረጠም። እኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል፣ ጭላዳ ሲግጥ መሬቱን እንዴት እንደሚያንኮሻኩሸው ያየ ሰው ይመሰክራል።

የኔታ ፊዚክስ፦
እናንተ ጓሳ ላይ ሻያችሁ በ88 ዲግሪ ይፈላል። የቀበሮው ነገር ግን እንዴት ደስ አለኝ! ለእረኛ ግርምት ቁጥር ሲወጣለት እንደዚህ ነው።

የጠባሴዋ፦
እኔ እንግዲህ ቁጥሩን ከሰማሁ ወዲህ ዝም ብዬ አልቀመጥም። የምግብ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ወደ እህቴ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ እየለካሁ መውረድ ፈልጌ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ዋሻው ጋ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት። ትንሽ የጋዝ ምድጃና ማንቆርቆሪያ እይዛለሁ። የጣርማበር ሹፌር፣ ትቆምልኛለህ?

የጣርማበር ሹፌር፦
እንዴት አልቆምም እህቴ። ዋሻው ጋ ግን ጉም ከሆነ አልቆምም፣ ትንሽ አልፌ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ነው የማቆመው። ተሳፋሪውንም ሻይ አጠጪልኝ።

የኔታ ፊዚክስ፦
የኔን ግምት አስቀድሜ ላስቀምጥ፣ በኋላ እንዳይባል። ደብረ ብርሃን 90 ተኩል፣ ዋሻው ጋ 89 ተኩል፣ ደብረ ሲና 91፣ ሸዋ ሮቢት 96። የአየሩ ሁኔታ በየቀኑ ግፊቱን ትንሽ ስለሚያወዛውዘው የጥቂት አስረኛ ዲግሪ ልዩነት አያስደንግጥሽ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የማንቆርቆሪያውን ወለል አይንካ፣ ወለሉ ከውሃው ይበልጣል። ውሃው መሃል ላይ ይሁንና ቁጥሩ መቆሙን አይተሽ ጻፊ።

ነጭ ጋውን፦
ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ቴርሞሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን እዪ። በፈላ ውሃ አትፈትሺው፣ የምንለካው እሱኑ ስለሆነ። በረዶ ቀጥቅጠሽ ብርጭቆ ሙዪ፣ ክፍተቱን በውሃ ሙይው፣ አማስዪና 2 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። በረዶ የሚቀልጥበት ዲግሪ ከፍታ ተለወጠ ብሎ አይለወጥም ማለት ይቻላል፣ ቆላም ደጋም 0 ነው። 1 ካሳየሽ ከሁሉም ልኬትሽ ላይ 1 ቀንሺ።

የጠባሴዋ፦
አሁኑኑ ሞከርኩት፣ 0.4 አሳየኝ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከሁሉም ላይ እቀንሳለሁ። ቅዳሜ ማታ ቁጥሮቹን እዚህ እለጥፋለሁ።